ሰባቱ ነጫጭ ወረቀቶች

እሑድ መስከረም ፲ ቀን ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.፣ በስዊድኖች አቆጣጠር ሴፕቴምበር ፳ ቀን ፲፱፻፺፰፣ ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ በሜላረን ሐይቅ ዳር በቆሙት የፊቲያ ሕንጻዎች ላይ ከማለዳ ጀምሮ ቀጭን ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የየፓርቲው ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው ለሚያልፈው ሁሉ የምርጫ ወረቀት ያድሉ ነበር። ወረቀቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቢጫው ለአገሪቱ ሸንጎ፣ ሰማያዊው ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት፣ ነጩ ለኮሙኑ፣ ማለት ለአካባቢው አስተዳደር፣ ምክር ቤት። ዜግነት ያልያዘ ስደተኛ ቢጫውን አይነካም፤ ሦስት ዓመት በአገሩ ከተቀመጠ ግን በሰማያዊውና በነጩ ከማንም ስዊድናዊ እኩል ነው።

ወይዘሮ ተጂቱ ቶሌሳ በዚያ ዝናብ የወጣችው ስለ ነጩ ወረቀት ነበር።

ተጂቱ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ከወለጋ ተነሥታ፣ ባሏን በሱዳን ስደት ቀብራ፣ ሳሌም የምትባል አንዲት ልጇን ይዛ ወደዚህ አገር ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ማለዳ ማለዳ ኪስታ ሄዳ ቢሮ ታጸዳለች፤ ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሕንጻቸው ሥር ባለች አንዲት ክፍል ፊደል ትማራለች። የሚማሩት ሰባት ሴቶች ናቸው፤ አስተማሪያቸው እህት ርብቃ በሆስፒታል ረዳት ነርስ ሆና የምትሠራ፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ቃሏ ግን የማይታጠፍ ሴት ነበረች። «በምትሰሙት ቋንቋ ማንበብ ሳትችሉ በማትሰሙት አትችሉም» ብላ በመጀመሪያ የአማርኛውን ፊደል፣ ቀጥላ የስዊድኑን ታስቈጥራቸው ነበር።

እነዚያ ዓመታት በመላ ስዊድን ወጪ የሚቀነስባቸው ዓመታት ነበሩና ኮሙኑ ወጪዋን የሚሸፍናት ያች ክፍል በጥር ወር እንድትዘጋ ታስቦ ነበር። ይህን የሰሙ የሰፈሩ ሰዎች ቱርኩም፣ ፊንላንዳዊውም፣ ሐበሻውም ተሰብስበው «የነዋሪዎች ዝርዝር» የሚል ስም ያለው አንድ ትንሽ ማኅበር ለምርጫ አቀረቡ፤ ርብቃም ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ሆነች። በዚያ ዓመት መራጩ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልገውን ሰው ስም አጠገብ የመስቀል ምልክት እንዲያደርግ ተፈቅዶ ነበር። ማኅበሩ በምክር ቤቱ አንድ ወንበር ቢያገኝ ክፍሏ ትተርፋለች፤ ባያገኝ ትዘጋለች። ተጂቱ ይህን ያህሉን አሳምራ ታውቅ ነበር፤ ከማወቋም የተነሣ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም።

በመጋረጃው ውስጥ ብቻዋን ቆማ ከርብቃ ስም አጠገብ ምልክቷን አደረገች። ከዚያም ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፤ ከግርጌው ባዶ ነበር። ያ ባዶ ቦታ ደስ አላላትም።

እዚህ ላይ የአባቷን ነገር መናገር ያስፈልጋል። በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ተጂቱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ሆና በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከአንድ ዋርካ ሥር ፊደል ስትቈጥር፣ አባቷ አቶ ቶሌሳ የመንደሩ ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ካድሬ ወረቀት ይዞ መጣና «ጸሎት ቤቱ ለጊዜው ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እንዲያገለግል ፈቅጃለሁ ይላል» ብሎ አነበበላቸው፤ እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ወረቀቱ ግን ጸሎት ቤቱን ከነመሬቱ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ነበር፤ በሳምንቱ በሩ በምስማር ተመታ፤ ሽማግሌውም «ፈርመህ ስታበቃ ትክዳለህ ወይ» ተብለው ታሰሩ። ከእስር ከወጡ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ያንን አውራ ጣታቸውን በአራቱ ጣቶቻቸው ጨብጠው ይሄዱ ነበር እንጂ ለሰው አያሳዩም ነበር። የተጂቱም ትምህርት ያኔ «ቀ» ላይ ቆመ።

እንግዲህ ርብቃ ሰባቱ ሴቶች ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጻፉበት ቀን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጣታችሁን ለማንም አትስጡ፤ ቁም ነገር ያለበት ወረቀት ሲገጥማችሁ ስማችሁን ጻፉበት» ስትላቸው፣ ሌሎቹ ቃሉን እንደ ምክር ተቀበሉት፤ ተጂቱ ግን እንደ መሐላ ነበር የያዘችው። ጠዋት ወደ ምርጫው ሲሄዱም ስድስቱን ጓደኞቿን በር ላይ አስቁማ፣ «ስማችሁን እንዳትረሱ» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። በኪስታ በስልክ መሣሪያ ፋብሪካ መሐንዲስ የሆነው ወንድም ደጀኔ፣ የዝርዝሩ ዋና ቀስቃሽ፣ ፖስታው እንዴት እንደሚታሸግ ሳይቀር ሦስት ጊዜ አስረድቷቸው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ስማችሁን አትጻፉ ማለት ግን አልታሰበውም፤ ማን ይጽፋል ብሎ ያስባል።

እናም ተጂቱ ከነጩ ወረቀት ግርጌ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ቀስ አድርጋ «ተጂቱ ቶሌሳ» ብላ ጻፈች። አምስት ፊደል ስትደርስ ቀና ብላ አየችው፤ ስድስተኛውንም ቀጥ አድርጋ ጨረሰችው።

ቤት ገብታ ለሳሌም ስትነግራት ልጅቷ ድንች እየላጠች ነበር። ሳሌም አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

«ስምሽን? ወረቀቱ ላይ?» አለች።

«አዎን። በጥሩ እጅ ጽሑፍ።»

«ማማ፣ እንደዚህ አይደረግም። ምርጫ እኮ ሚስጥር ነው። ስም ከተጻፈበት ይጥሉታል።»

«ማን ነው የሚጥለው? እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።»

«አንቺ ባትደብቂም ሕጉ ይደብቅልሻል።» ሳሌም ሣቅ ሊመጣባት ነበር፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሌላ የጻፈ አለ?»

ተጂቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰባታችንም» አለች። «እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው።»

በማግሥቱ ደጀኔ ደወለ። የመጀመሪያው ቆጠራ አልቆ ነበር፤ የነዋሪዎች ዝርዝር ወደ መጨረሻው ወንበር የቀረው አምስት ድምፅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ደግሞም» አለ ደጀኔ፣ ድምፁ በደስታ እየሮጠ፣ «ከእኛ ሰፈር ሰባት የእኛ ወረቀቶች ለብቻ ተቀምጠዋል። በማይነበብ ጽሑፍ ተጽፎባቸዋል ነው የሚሉት። የሚወሰነው በሚቀጥለው ሰኞ በክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ሰባቱ ከተቆጠሩልን አሸነፍን፣ እህት ተጂቱ።»

«ወንድም ደጀኔ፣ የተጻፈው ምን እንደ ሆነ እኔ አውቃለሁ» አለችና ነገረችው።

«ለሰው አትንገሪ» አለ ደጀኔ ከስልኩ ማዶ። «ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

ሰኞ መስከረም ፲፰ ቀን ተጂቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከደጀኔ ጋር ወደ መሀል ከተማ ሄደች፤ እትዬ ዘመናይም «የእኔም ስም አለበት፤ ሲፈረድበት ልስማ» ብለው ተከተሏቸው። እትዬ ዘመናይ ከሰባቱ ተማሪዎች በዕድሜ ታላቂቱ ናቸው፤ ወደ ሰባው የተጠጉ፣ ኦርቶዶክስ፣ በስድስቱ ወንጌላውያን ሲያሾፉ የሚውሉ ሴት ነበሩ። ቆጠራው ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነበርና ማንም አልከለከላቸውም፤ ተራው እስኪደርስ ድረስ ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ።

ደጀኔ ወደ ተጂቱ ጠጋ ብሎ በዝቅታ ተናገረ። «ስሚኝ። ሕጉን አንብቤዋለሁ። የተጻፈው የተወዳዳሪ ስም ከሆነ ችግር የለውም፤ ይታለፍና ድምፁ ይቆጠራል። መራጩን የሚያሳውቅ ምልክት ከሆነ ግን ይጣላል። እኔ ስሜ ዝርዝሩ ላይ ስላለ አያስነብቡኝም፤ አንቺን ግን ያስነብቡሻል። ‹ርብቃ› ይላል በያቸው። አንድ ቃል ነው። እኔ አስተረጕምልሻለሁ።»

«ሰባቱም ርብቃ ይላል?»

«ሰባቱም። የመረጣችሁት እሷን አይደለም ወይ? ልባችሁ ያለው እሱ ነው።»

እትዬ ዘመናይ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የእኔን ስም ርብቃ ብለሽ ካነበብሽማ ክርስትና ልታነሺኝ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄያለሁ፤ ሁለተኛ አልፈልግም።»

«እትዬ ዘመናይ፣ ቀልድ አይደለም» አለ ደጀኔ። «ክፍሏ ትዘጋለች።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔም እኮ ‹ሸ› ላይ ነኝ፤ ከተዘጋ የምቀረው እዚያው ነው።»

ተጂቱ እጇን በጭኗ መሀል አድርጋ ጸለየች፤ ጸሎቷ ግን ወዲያና ወዲህ እያለ አልጸና አላት። ክፍሏን አሰበች፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ፣ ስሟን እንኳ መጻፍ ባለመቻሏ በየቢሮው ያፈረችውን እፍረት፣ «ማማ፣ እኔ ልሙላው» እያለች ወረቀቱን ከእጇ የምትወስደውን ልጇን። አንድ ቃል ነው። ለመልካም ነገር ነው። የሚጎዳ ሰው የለም።

ተጠሩ። በክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ ሰብሳቢዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሸምገል ያለች ሴት ነበረች። ሰባቱን ነጫጭ ወረቀቶች በጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ተጂቱ የራሷን ወዲያው አየችው፤ ሦስተኛው ነበር። የሰባቱም ጽሑፍ እንደ ልጅ ጽሑፍ ትልልቅና ጎባጣ ነበር፤ ሆኖም አንዱም ፊደል አልተሳሳተም።

ሰብሳቢዋ ነገሩን ገለጸች፤ ደጀኔ ተረጐመ። ጽሑፉን የሚያነብ አስተርጓሚ ለነገ እንጂ ለዛሬ እንዳልተገኘ፣ ውጤቱ ግን ዛሬ መዘጋት እንዳለበት፣ በቦታው የሚያነብ ሰው ካለ ቃሉ በቃለ ጉባኤ እንደሚያዝ ተናገረች። ደጀኔ እጁን ወደ ተጂቱ ዘረጋ። «ይህች ሴት ታነባለች፤ ተወዳዳሪም አይደለችም» አለ።

ሰብሳቢዋ ወደ ተጂቱ ተመለከተች። «ለማን እንደ መረጡ ወይም ማን እንደ ጻፈው አልጠይቅዎትም» አለች ቀስ ብላ። «ማንም ሰው ለማን እንደ መረጠ መስክር እንዳይባል ነው ሕጉ የወጣው። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

በሕይወቷ ሙሉ ሰው «አንብቢልኝ» ብሏት አያውቅም ነበር። ሕፃን ሳለች ሌሎች አነበቡላት፤ በስደት ካምፕ አነበቡላት፤ እዚህም የገዛ ልጇ አነበበችላት። አሁን የስዊድን መንግሥት ሹማምንት ከነመነጽራቸው ተቀምጠው፣ ማንበብ ተስኗቸው፣ የእሷን አፍ ይጠብቃሉ። እነርሱም በዚያች ቅጽበት፣ የካድሬውን አፍ ይጠብቁ እንደ ነበሩት እንደ አባቷ ነበሩ።

ደጀኔ ሊተረጕምላት አፉን ከፈተ። ተጂቱ በመዳፏ አቆመችው። ስዊድንኛዋ የተሰባበረ ነበር፤ ስለዚህም ነው በሰው ፊት የማትናገረው። ያን ቀን ግን በእሱ አንደበት ማለፍ አልፈለገችም።

«ስም ነው» አለች በስዊድንኛ። «የሴቶች ስም። የራሳቸው።»

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

«የተወዳዳሪ ስም ያለበት ይኖራል?»

«የለም።»

«ጥያቄው ሳይገባት ቀርቶ ነው» አለ ደጀኔ ፈጠን ብሎ።

«ገብቶኛል» አለች ተጂቱ፤ ዓይኗን ከሰብሳቢዋ ላይ አላነሣችም። «ሦስተኛው የእኔ ነው። የሌሎቹን የማን የማን እንደ ሆነ አላነብም፤ ብትጠይቁኝም አላነብም። ሕጋችሁ ሚስጥር ነው ብሏል።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ያንቺን መናገር አልነበረብሽም» አለች፤ በአክብሮት መናገሯን እንኳ ረስታ ነበር። «ይህን ከሰማሁ በኋላ ልቈጥራቸው አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ውድቅ ነው የሚባሉት። ሰባት ውድቅ።»

«አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለች ተጂቱ። «እኛ ስም የሌለበት ወረቀት ሰው እንደሚያታልልበት ነው የምናውቀው። ስለዚህ ነው የጻፍነው። ይኸ ይጻፍ።»

ሰብሳቢዋ ከፊቷ ያለውን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይህን የማስገባበት ቦታ የለውም» አለች፤ ከልቧም ያዘነች ትመስል ነበር። ማኅተሙን አነሣች።

ኮሪደሩ ላይ ደጀኔ ኮቱን ለብሶ ሳይቈልፈው ቆመ። «አምስት ድምፅ» አለ። «የስድስት ወር ሥራ። በሱንድቢበሪ ያሉት ዘመዶቼ ሳይቀሩ እዚህ መጥተው በር አንኳኩተዋል። አንድ ቃል ነበር የጠየቅሁሽ።»

«ለአባቴ ያነበበላቸው ሰውም የቀየረው ጥቂት ቃል ነው» አለች ተጂቱ። «እሱም ለመልካም ነው ይል ነበር።»

ደጀኔ ስለዚያ ጸሎት ቤት በወንጌላውያኑ ዘንድ ሲወራ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ የዚያ ሽማግሌ ልጅ መሆኗን ግን አያውቅም ነበር። ወደ ባቡሩ ሲወርዱ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ፊቲያ እስኪደርሱም አልዞረም። እትዬ ዘመናይ የተጂቱን ክንድ ይዘው፣ «ስሜን አለማንሣትሽ ደግ አደረግሽ» አሉ። «ብታነሺው ግን አልጣላሽም ነበር። አምሮ ነበር የተጻፈው።»

ማታ ርብቃ ከሆስፒታል ስትመለስ ተጂቱ በሯ ላይ ጠበቀቻት። ርብቃም ነገሩን ሰምታ ነበር።

«አነበብሽ?» አለቻት ርብቃ።

«አነበብኩ።»

«ሳትደናገሪ?»

«‹ዠ›ን ነበር የፈራሁት፤ አልነበረበትም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን እንዲህ የጣልሽው? ግቢ፣ ሐሙስ ትምህርት አለ።»

«በጥር ትዘጋለች እኮ።»

«በጥር እናየዋለን» አለች ርብቃ፤ ጫማዋን እያወለቀች።

በጥር ክፍሏ ተዘጋች፤ ቁልፏም ተመለሰች። በሕንጻው ምድር ቤት ግን የነዋሪዎቹ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። በስዊድን ልማድ እያንዳንዱ ተከራይ በበሩ ሰሌዳ ላይ ስሙን ጽፎ ሰዓት ይይዛል፤ የተያዘ የእጥበት ሰዓት ደግሞ በዚያ አገር ከብዙ ነገር ይልቅ የተከበረ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም አይገባበትም። ይህን መጀመሪያ ያሰበችው ተጂቱ ናት። ሰባቱ ሴቶች ተራ በተራ፣ ሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ስማቸውን በገዛ እጃቸው በሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ በሁለቱም ፊደል። የፊደል ገበታውንም ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ ሰቀሉት።

በሦስተኛው ሳምንት የሕንጻው ተቈጣጣሪ ወረደ። ሰባት ሴቶች በልብስ ማጣጠፊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ደብተር ዘርግተው አገኛቸው።

«ይህ ክፍል ለእጥበት ብቻ ነው» አለ።

«እያጠብን ነው» አሉ እትዬ ዘመናይ፤ በአገጫቸው ወደ መኪናው ጠቆሙ። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ ብቻውን ይሽከረከር ነበር።

«ሰባት ሰው ለአንድ ጨርቅ?»

ተጂቱ ከወንበሯ ተነሣች። ወደ በሩ ሄዳ ጣቷን በሰሌዳው ላይ አሳረፈች፤ አባቷ ይደብቁት የነበረውን አውራ ጣት። «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። «ሰዓቱ የእኔ ነው። ስሜ እዚህ አለ፤ ያንብቡት።»

ሰውየው ሰሌዳውን አነበበ፤ እንደገናም አነበበ። ከዚያ የሚዞረውን ጨርቅ አየና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ርብቃ ወደ ገበታው ዞረች። «‹ሸ› ላይ ነበርን፣ እትዬ ዘመናይ» አለች። ያ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ ታጥቦ ታጥቦ ለፋሲካ ሮዝ ሆኖ ነበር፤ እትዬ ዘመናይ ደግሞ «ዘ» ደርሰው ነበር።

የዚያ ዓመት የምርጫ ውጤት በየጋዜጣው ወጣ፤ ሳሌምም ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለችውን፣ ስለ ሰፈራቸው ውድቅ ድምፆች የምትናገረውን አንዲት ትንሽ መስመር ለእናቷ በጣቷ አሳየቻት፤ ተጂቱም ራሷ አነበበችው። በሕጉ መሠረት የምርጫ ወረቀቶች ታሽገው እስከሚቀጥለው ምርጫ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ይወገዳሉ። ስለዚህ ሰባት ሴቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ወረቀት ላይ የጻፉት ስም አራት ዓመት በጨለማ ቆይቶ ጠፋ፤ የማጠቢያው ሰሌዳ ወረቀትም በየወሩ እየተቀደደ ተጣለ። ማን እንደ ነበሩ፣ ስለ ምን እንደ ጻፉ፣ የማን ልጅ ቆማ እውነቱን እንዳነበበችና ምን እንዳስከፈላት የሚናገር መስመር በየትኛውም መዝገብ የለም፤ ቅጹ ቦታ አልነበረውምና። የቀረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ መዝገቡ አልዋሸም። ሰባት ይላል፤ ሰባት ነበሩ።